ነፋስ የማያስገባ ተጎታች

ልጄ የታመመችበት ክረምት አለፈ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የሳንባ ምች ነው ተብላ ሆስፒታል ስትተኛ፣ ከአልጋዋ ሥር ተንበርክኬ ለእመቤታችን ተሳልኩ። ልጄን ከማረችልኝ፣ ከደባት ማዶ፣ በባለቤቴ የትውልድ ቀበሌ ባለችው ቤተ ክርስቲያኗ፣ በመስከረም በምትነግሥበት ዕለት ልጄን ይዤ እመጣለሁ፤ ጃንጥላ አስገባለሁ፤ ከዋዜማው ጀምሮም ደጇ አድራለሁ አልኩ። ማረችልኝ። ልጄ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች።

ሐኪሙ ሲያሰናብተን፣ «ብርድ እንዳይመታት ጠንቀቅ በሉ» አለን። ያለው ይህን ብቻ ነው። የቀረውን እኛ ጨመርንበት። ጎንደር ቤታችን ውስጥ በርና መስኮት ፊት ለፊት የማይከፈቱ ሆኑ። ልጄ ከታጠበች በኋላ እስክትደርቅ ማንም ደጁን አይከፍትም። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዝቅ ያደረገ ሰው ሁሉ ለእኔ ክፉ ሰው ነበር።

ስለቱ ግን ይጠብቃል። ያች ቤተ ክርስቲያን ያለችው ከገደል አፋፍ ላይ ነው። ማደሪያ ቤት የለም። ለንግሥ የመጣ ሰው ድንኳን ይተክላል፤ ድንኳን ያጣም ከወይራው ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል። የዚያን አገር ነፋስ አውቀዋለሁ። ሙሽራ ሆኜ በሄድኩበት ጊዜ ድንኳናችንን ከነካስማው ነቅሎ ወደ ገደሉ ወስዶታል። እና ከሳንባ ምች የተነሣች ልጅ እንዴት አድርጌ ላሳድራት?

መላውን ያመጣው ባለቤቴ ነው። ሾፌር ነው። ቱሪስት በሚበዛበት ጊዜ ፈረንጆችን ወደ ስሜን ተራሮች ያመላልስ ነበር፤ አሁን በዚያችው ፒክአፕ ዕቃ ይጭናል። ፈረንጆች ከመኪናቸው ኋላ ትንሽ ቤት እየጎተቱ ሲመጡ አይቷል።

«አልጋ አለው፤ ዝናብ ሲመጣ በሩን ዘግተው ይተኛሉ። እኛስ ምን ይከለክለናል?» አለኝ።

«ሰው አይስቅብንም?»

«ይሳቅ። ደግሞ ለስለት ብቻ አይደለም። ልጂቱ ጭላዳ ዝንጀሮ ማየት ትፈልጋለች። እየሄድን እናድራለን።»

ልጄ ይህን ሰምታ እንቅልፍ አጣች። እኔም ደስ አለኝ። ድንኳን ነፋስ ያስገባል፤ ብረት አያስገባም ብዬ አሰብኩ።

ተጎታች ፍለጋ የወጣነው አራት ሆነን ነው። አራተኛዋ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት፤ እትዬ እላታለሁ። ልጄን ለማስታመም ከገጠር መጥታ በዚያው እኛ ዘንድ ቀርታለች። መጀመሪያ አዘዞ አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ ከአሮጌ መኪና የኋላ ግማሽ የተሠራ አየን። ባለቤቴ በእግሩ ገፋ ሲያደርገው ጎማው ወዲያና ወዲህ ተንገዋለለ። ሁለተኛው ውሃ ሲያመላልስ የኖረ ነበር፤ ረጅም ነው። «ይሄ በዳገቱ መታጠፊያ ላይ እኛን መልሶ ይጎትተናል» አለና ተወው። ሦስተኛውን ያገኘነው አንድ ድንኳን አከራይ ግቢ ውስጥ ነው። አከራዩ በዕድሜ የገፉ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፤ የባለቤቴን አባት ያውቁ ነበር። ተጎታቹ አጭር፣ ባለ ሁለት ጎማ፣ ጎንና ጎኑ በላሜራ የተዘጋ ነው።

«ድንኳንና ወንበር ሲጭን ኖሯል፤ አንድ ቀን አላሳፈረኝም» አሉ።

«አያ፣ የሰርግ ነው የለቅሶ?» አለች እትዬ።

«እኔ ድንኳን ነው የማከራየው እቴ። ሰው ለምን እንደሚሰበሰብ አልመርጥም።»

«የትኛው ይበዛ ነበር?»

ሰውዬው የላሜራውን አቧራ በመዳፋቸው ጠረጉ። «ዘንድሮ ሰርጉ ጥቂት ነው» አሉ።

እትዬ ወደ ወንድሟ ዞረች። «በለቅሶ ዕቃ መጫኛ ሕፃን አይተኛም።»

«ብረት ነው እትዬ። ብረት ምን ያውቃል?»

እነሱ ሲከራከሩ ልጄ የኋላውን ከፍታ ገብታለች። ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች፤ እጆቿን ከጎኗ አጣብቃ፣ ዓይኗን ጨፍናለች።

«እማዬ፣ እይ! ልክ የእኔ ልክ ነው!»

«ተነሽ!» አለች እትዬ። «ተነሽ አልኩሽ!» አማተበች። እኔም አማተብኩ። ልጄ እየሳቀች ተነሣች። ተጎታቹን ግን ገዛነው። ሰውዬው «አላህ በደስታ ያስኪዳችሁ» ብለው መረቁን፤ ከበሩ ድረስም ወጥተው ሸኙን።

ባለቤቴ ሥራውን የሠራው ከሠፈራችን በያጅ ጋር ሆኖ ነው። ጣራ ሠሩለት። ግድግዳውን ከውስጥ በችፑድ አለበሱት፤ በላሜራውና በችፑዱ መካከልም ስፖንጅ ጎዘጎዙበት፤ ሙቀት እንዲይዝ። በአንድ ጎን አልጋ፣ በሌላው ጎን ከሥሩ ዕቃ የሚያስቀምጥ አግዳሚ። በሩን ከተጣለ ሚኒባስ አመጡት። ዙሪያውን ጎማ ያለው በር ነው። ሲዘጋ ጆሮን ደፈን ያደርጋል። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ያርፍ ነበር።

ባለቤቴ ሦስት ቀዳዳ አበጀለት። አንዱ ከበሩ አጠገብ ወለሉ ላይ፣ ወንፊት የተደረገበት። አንዱ ጣራው ላይ፣ ቆብ ያለው አጭር ቱቦ። ሦስተኛው ከአልጋው ራስጌ ያለ ትንሽ መስኮት።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አልኩት። «ያን ያህል ስፖንጅ ከጎዘጎዛችሁ በኋላ?»

«ቤት መተንፈስ አለበት። አራት ሰው ተኝቶበት ካልተነፈሰ አየሩ ያልቃል።»

«ሦስት ይበዛል።»

«ለዚህ እኮ ነው ሦስት ያደረግኩት። አንዱ እንኳ ቢዘጋ ሁለቱ አሉ» አለኝ።

ይህን ሲል እትዬም ነበረች። ሦስታችንም ነገሩን በልባችን ያዝነው።

የንስሐ አባታችን መጥተው ጸሎት አደረሱ፤ ጠበል ረጩበት። ረጅም ሰው ናቸው፤ ጎንበስ ብለው ገብተው ሲወጡ ግንባራቸው ወዝቶ ነበር። «ሙቀቷ ጥሩ ነው» አሉ። ደስ አለኝ።

በሚያዝያ ለሙከራ በአይከል በኩል ወደ ዘመድ ሄድን። ከአስፋልቱ ወጥተን በአፈሩ መንገድ ጥቂት እንደተጓዝን አቧራው በወለሉ ቀዳዳ ገብቶ አልጋውንም እንጀራውንም አለበሰው። ሌሊቱን ግን በሰላም አደርን። ልጄ በማግስቱ እርሻው ዳር ሲሮጥ የዋለ ጥጃ ታባርር ነበር። እንደዚያ ስትሮጥ ካየኋት ቆይቻለሁ። ለእመቤታችን ምስጋና አቀረብኩ።

ጎንደር እንደተመለስን ባለቤቴ የወለሉን ቀዳዳ በጎማ ቁራጭና በሲሊኮን ደፈነው። አቧራው ለልጂቱ ሳንባ አይሆንም ብሎ ነው። ሁለቱ አሉ ብሎም ነው። ለእኔ አልነገረኝም፤ የሚነገር ነገርም አልመሰለውም።

በነሐሴ ዝናቡ በርትቶ ሳለ እኔ ብቻዬን ተጎታቹ ውስጥ ገብቼ ልጄ በምትተኛበት በኩል ተጋደምኩ። ከራስጌው መስኮት ቀጭን ነፋስ አንገቴን ነካኝ። መስኮቱን ዘጋሁ፤ አሁንም ነካኝ። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ በዙሪያው ጠቀጠቅኩ፤ በላዩ ላስቲክ ዘርግቼ በሚስማር ቸነከርኩት። ከዚያ ደግሜ ተጋደምኩ። ምንም የለም። መጋረጃ ሰቀልኩበት፤ የእመቤታችንንም ሥዕል ከበላዩ አደረግኩ። ማንም አላየም። ሁለቱ አሉ ብዬ ነበር።

መስከረም ሲገባ ጭንቄ የመንገዱ ነገር ሆነ። አንድ ሰሞን ተዘጋ ይባላል፤ አንድ ሰሞን ተከፈተ ይባላል። ባለቤቴ በየጠዋቱ መናኸሪያ እየሄደ ይጠይቅ ነበር። በዋዜማው ዕለት «ተከፍቷል፤ ግን እንፍጠን» ብሎ መጣ። ያን ቀን በመንገዱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሲቸኩል አየሁ። አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ ከላያችን ጥቁር ደመና ነበር። የጣራው ቱቦ ከመንገዱ መጀመሪያ አንሥቶ ያፏጭ ነበር። ከፒክአፑ ውስጥ ሆነን እንሰማዋለን። ልጄ አብራው ታፏጫለች።

«ዝም በይ» አለቻት እትዬ። «ፉጨት አልወድም። ሰይጣን ይጠራል።»

«እኔ አይደለሁም አክስቴ፣ ቤታችን ነው።»

ከሰዓት በኋላ ደረስን። ሜዳው በድንኳን ተሞልቶ ነበር። ባለቤቴ ተጎታቹን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ራቅ አድርጎ፣ ከወይራዎቹ ጀርባ አቆመው። ሰው ሊያየን ተሰበሰበ።

«ይሄ ምንድን ነው? ወፍጮ ነው?» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ቤት ነው አያ» አለ ባለቤቴ።

«ሸጋ ነው! ጭስ መውጫውስ?»

«እዚያ ላይ አለ» ብሎ ቱቦውን አሳየው። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፤ አመሰገነና ሄደ።

ጥቂት ሳንቆይ በረዶ መጣ። የዚያ አገር በረዶ እንደ ሽንብራ እየተረጨ ይጀምርና ሜዳውን ነጭ ያደርገዋል። ልጄ ከሌሎች ልጆች ጋር ስትጫወት ስለነበር እስክትደርስ ረጠበች። ጥርሷ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን መንቀጥቀጥ ከሆስፒታሉ አውቀዋለሁ። ልብሷን ቀየርኩላት፤ በጋቢ ጠቀለልኳት፤ አልጋው ላይ አስተኛኋት። እትዬ ከመኪናው ሥር ተከልላ ከሰል አቀጣጠለች።

ከሰል እንደሚያፍን ማን አጣው? እኛ አገር ሁሉም ሰው ያውቃል። የምናውቀው ግን እንዲህ ነው፦ ጥቁር እያለ ያፍናል፤ ከቀላ፣ ጭሱ ካለቀ አያፍንም። እትዬም ሁሉም ፍም እስኪሆን ጠበቀች፤ ከዚያ ማንደጃውን አስገብታ በሩ አጠገብ አኖረችው። በሩን ዘጋች። ያ የጎማ ድምፅ ተሰማኝ።

በዚህ መካከል አንድ ዲያቆን እየሮጠ መጣ። ስለት ያላችሁ ከዋዜማው ጸሎት በፊት አስገቡ ተብሏል አለን። ልጄ ጃንጥላውን ራሷ ልትሰጥ ነበር የተስማማነው። ግን ሞቋት ዓይኗ ሊከደን ነው።

«ሂዱ፤ እኔ አለሁ» አለች እትዬ። «ነገ በንግሡ ትወጣለች።»

ባለቤቴ ጎማው ሥር ድንጋይ ሲያስደግፍ ቀረ፤ እኔ ቀድሜ ሄድኩ። ጃንጥላውን አስረከብኩ። ቄሱ መረቁኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ስወጣ በረዶው አሁንም ይወርዳል፤ እና ደጀ ሰላሙ ሥር ከሰው ጋር ተጠለልኩ። ባለቤቴም መጣ። እኔ ደስታ ላይ ነበርኩ። ስለቴን ከፈልኩ፤ ልጄም ነፋስ በማይነካው ቤት ተኝታለች። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ አልኩ።

እትዬ ነጠላዋን ራሷ ላይ አድርጋ ስትመጣ አየኋት። አረማመዷ ትንሽ ያዘነብል ነበር።

«ምነው ትተሻት መጣሽ?» አልኳት።

«ተኝታለች። እንቅልፍ ጥሏት ብጠራት እንኳ አልሰማችኝ። እኔ ራሴን ፈለጠኝ። ዛሬ ቡና አልቀመስኩም እኮ፤ ከነዚህ ሰዎች አንድ ስኒ ባገኝ ብዬ ነው።»

ባለቤቴ ሳቀ። «እትዬ ቡና ካላገኘች ቅዳሴም አይገባት።»

«ሳቅ! አንተ ነህ ያን ፉጨት ጣራ ላይ የሰቀልክብን። አሁንማ ወትፌ ገላገልኳችሁ።»

«ምኑን ነው የወተፍሽው?»

«ቱቦውን ነዋ፣ በመቀነቴ። ነፋሱ በልጂቱ አናት ላይ ነበር የሚወርደው።»

ባለቤቴ አሁንም እየሳቀ ነበር። «ግድ የለም፤ መስኮቱ አለ።»

«መስኮቱን እኔ ቸንክሬዋለሁ» አልኩ። «በነሐሴ። የታችኛው አለ ብዬ ነው።»

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። «የታችኛው የለም» አለ።

ማን ቀድሞ እንደሮጠ አላውቅም። በረዶው ያንሸራትታል፤ ነጠላዬ እግሬ ሥር ገብቶ ጣለኝ። ተነሣሁ። ሰዎች ምን ሆኑ እያሉ ከድንኳናቸው ብቅ ይሉ ነበር። እመቤቴ፣ እመቤቴ ከማለት በቀር አፌ ሌላ ቃል አልነበረውም።

ባለቤቴ በሩን በረገደው። ከውስጥ የወጣው ሙቀት ፊቴን መታኝ። ፍሙ ቀልቶ በርቷል። ልጄ ጋቢዋን እስከ አገጯ እንደሸፈንኩላት ተጋድማለች። ጉንጯም ከንፈሯም ቀልቶ ነበር። በደኅና ቀን ባየው ደስ የሚለኝ መልክ ነበር። ጠራኋት። ጉንጯን መታሁ። አንገቷ ወደ ጎን ወደቀ።

አባቷ ተሸክሟት ወጣና በረዶው ላይ አስተኛት። እጄ ልማዱን አልረሳም፤ ጋቢውን ይዤ ተከተልኳትና ልሸፍናት ጎንበስ አልኩ። ባለቤቴ ከእጄ ነጥቆ ወረወረው።

«ተያት! ነፋስ ይምታት!»

የአንገቷን ቁልፍ ፈታሁላት። ሹራቧን አወለቅሁ። ያ ነፋስ ከገደሉ ሥር እየወጣ ደረቷን ሲመታት እኔ ክንዶቿን ወደ ጎን ያዝኩለት። ከተሰበሰበው ሰው መካከል አንዲት ሴት ወጣች፤ ጤና ሠራተኛ ነኝ አለች። አፏን ከልጄ አፍ አድርጋ ነፋችላት። ደጋግማ ነፋችላት። እትዬ በጉልበቷ ተንበርክካ ፊቷን ትነጭ ነበር።

ከዚያ ልጄ አሳላት። ቀጥሎም አስመለሳት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ነገር የለም።

«አልዳነችም ገና» አለች ሴትዮዋ። «ኦክስጅን ያስፈልጋታል። አሁኑኑ።»

ባለቤቴ ተጎታቹን ከመኪናው ፈታው። በሩ እንደተከፈተ፣ ፍሙ እያጤሰ፣ በረዶ እየገባበት ትተነው ሄድን። ወደ ደባት ስንወርድ የመኪናው መስኮት ሁሉ ክፍት ነበር። ልጄ እቅፌ ውስጥ እርጥብ እንደሆነች ናት። ሁላችንም እንንቀጠቀጣለን። እጁን ወደ መስኮቱ የላከ ሰው አልነበረም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ጭምብል አደረጉላት። እትዬንም አንድ አልጋ ላይ አስተኟት። አንዲት ነርስ ራስሽን አሁንም ያምሻል ወይ ብትላት፣ «ቡናውን ሰጥተውኝ ነበር፤ አልተወኝም» አለች፤ ከዚያም አለቀሰች። እኔ ዳዊት አልደገምኩም፤ አልተሳልኩም። የልጄን ደረት ሲነሣና ሲወርድ ማየት ብቻ ነበር የቻልኩት። ያም ጸሎት ይሁንልኝ።

ሲነጋጋ ዓይኗን ገለጠች። አንድ በአንድ አየችን።

«ምነው ሁላችሁም ረጥባችኋል?» አለች።

እግዚአብሔር ይመስገን። እመቤታችን ትመስገን። ስሟን የማላውቃት ያች ሴት የምትወልደው ይባረክ። የልጄ ራስ ምታት ሰንብቶ ተዋት። ትምህርቷንም ቀጥላለች፤ ትረሳ ይሆን ብለን ፈርተን ነበር፤ አትረሳም። እኔ ግን ተኝታ ፊቷ ሲቀላ ባየሁ ጊዜ እስካሁን እቀሰቅሳታለሁ። ትቆጣኛለች። ትቆጣ።

ተጎታቹን ባለቤቴ ሄዶ አመጣው። የሚኒባሱን በር አወለቀና በምትኩ ከታች ክንድ ያህል የሚጎድል ሸራ ሰቀለበት። የእኔን ስፖንጅ፣ የራሱን ጎማና የእትዬን መቀነት በአንድ ላይ አቃጠላቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አድረንበታል፤ ብርድ ነው፤ ካልሲ ደርበን እንተኛለን። ማንደጃ አይገባም።

በጥር አንዲት ጎረቤታችን እናቷን በእንፍራንዝ በኩል ወዳለ ጠበል ልትወስድ ፈለገችና ተጎታቹን ልታይ መጣች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እኔ ብዙ አላወራም፤ ለእሷ ግን ምንም አላስቀረሁም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። አለቀሰች። ልጄን ጠርታ ግንባሯን ሳመቻት። «ተመስገን፣ ተመስገን» አለች ደጋግማ።

ከዚያ ገብታ አልጋውን በእጇ ተጫን አደረገችው። ወጣች። ከሸራው ሥር ያለውን ክፍተት ቁልቁል አየችው፤ ጎንበስ ብላም መዳፏን ሰደደችበት።

«ግን እቴ፣ በዚህ በኩል ነፋሱ እናቴን ይገልብኛል። አሮጌ ብርድ ልብስ አለኝ። ሁለት ሦስት ሚስማር አላችሁ?»

ልጄ ከአጠገቧ ቆማ ነበር፤ ሴትዮዋን ቀና ብላ አየቻት።

«የለንም» አለቻት። «ብርድ ልብሱን እናትሽ ትልበሰው።»